ፊላው ውስጥ አይገባም

"አይገባም ብያለሁ! ማንም አይገባም!"

እድላዊት የዛፍ ቦታውን የቆርቆሮ በር በጀርባዋ ተደግፋ ይዛዋለች። ከአጥሩ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ተደርድረዋል፤ የትንንሾቹ እንባና ንፍጥ ተቀላቅሏል። ከአጥሩ ውጭ መጥረቢያ ያነገቡ የቅሬ፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ሰዎች ቆመዋል። ጉድ እኮ ነው! እፍኝ የማትሞላ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ያን ሁሉ ጎልማሳ በር ላይ ገትራዋለች።

"እድልዬ፣" አሉ የቅሬው ዳኛ አያ ታሪኩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለክፋት አልመጣንም። ለጓደኛሽ ለሒክማ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ጀናዛው ታጥቧል። የጎደለው እንጨት ብቻ ነው።"

"ሌላ ቦታ ቁረጡ።"

"ሌላ ቦታ የት አለና ልጄ?"

እውነታቸውን ነው። በሙስሊሙ ቀብር ሟቹ ከገባ በኋላ በላዩ እንጨት ይረበረባል፣ ቅጠል ይነሰነሳል፣ ከዚያ ነው አፈሩ የሚመለሰው። እንጨቱን የሚያቀርበው ቅሬው ነው፤ በቅሬው ውስጥ ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ነው። ድሮ እንጨት ችግር ሆኖ አያውቅም፤ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ያለው ተዳፋት ሁሉ ባሕር ዛፍ ነበር። አጣና ሲወደድ ጊዜ ሰዉ ለነጋዴ ሸጠውና አይሱዙው ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ አጋዘው። ዛሬ በዚህ ሁሉ አገር ክንድ የሚያህል ግንድ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ቦረቦር ላይ ነው። እሱን ደግሞ የተከሉት ልጆቹ ናቸው፤ ከእነሱ በፊት የነበሩትም ልጆች።

"ብዙም አንቆርጥ፣" አለ ከኋላ የቆመ አንድ ሰው ልጅቱን ለማባበል ብሎ። "የልጅ ቀብር ነው፣ ትንሽ ይበቃዋል።"

ከተናገረው በኋላ የተናገረውን ሰማው መሰል፣ ፊቱን አዙሮ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

መምህር አንዳርጋቸው ይህን ሁሉ ይሰማል። የክበቡ ኃላፊ እሱ ነው፤ ልጆቹን ከዚያ በር ላይ በአንድ ቃል ሊያነሣቸው የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ግን ገና ጎህ ሲቀድ መጥቶ ከመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ሥር ቁጭ እንዳለ ነው። ወደ ልቅሶ ቤት ልሂድ ብሎ ተነሥቶ እግሩ እዚህ አደረሰውና ከዚህ አላልፍ አለ።

ትናንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ራዚያ ልጇን ሒክማን ውኃ ቅጂ ብላ ላከቻት። ሒክማ ከእድላዊት ጋር ጄሪካኗን ይዛ ወረደች፤ እድላዊት ብቻዋን ተመለሰች። ሒክማን ያወጧት ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ያገኟትም ከትልቁ ድንጋይ ሥር፣ ከጥልቁ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ውኃ የሚቀዳው እዚያ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ የሚቀዳው ሐይቁ ዳር ከበቀለው ረዥም ሣር፣ ከፊላው ውስጥ ነው፤ ውኃው ጉልበት አያልፍም፣ ሕፃን ልጅም ገብቶ ይወጣል። እና ሰዉ ሌሊቱን በሙሉ አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ አደረ። ልጅቱን እዚያ ምን አስሄዳት? እድላዊትን ቢጠይቋት አንገቷን ደፋች።

ራዚያ መልሱን አውቀዋለሁ ብላለች። በሳምንቱ መጀመሪያ እንግዳ መጥቶባት ውኃው ድፍርስ ሆኖ ሒክማን ተቆጥታት ነበር። "ዓይን የለሽም? ይኼን ጭቃ ለሰው ላጠጣው?" ብላ። "ጥሩ ውኃ ፍለጋ ነው የሄደችው፣" ትላለች አሁን ደረቷን እየደቃች፤ "እኔው በምላሴ ገደልኳት።" ባሏ እንድሪስ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሐዘን ሰውን ያናግረዋል። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "ድፍርሱን ብንጠጣ ምን ነበረበት?" አላት። ከዚያች ቃል በኋላ ራዚያ ልጇ ወዳለችበት ክፍል አልገባችም። ልጇ ታጥባ ስትከፈን፣ ኋላ እንዳይቆጭሽ፣ ነይና ተሰናበቻት ቢሏት፣ "በምን ዓይኔ አያታለሁ?" ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

አንዳርጋቸው ግን እውነተኛውን መልስ ያውቃል። ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ እድላዊት የተከራያትን ክፍል በር አንኳኩታ ነገረችው። ቀሚሷ ገና እርጥብ ነበር።

"ቲቸር፣ እኔ ሕጉን ጣስኩ፣" አለችው። "ደክሞኝ ነበር፣ ፊላው ውስጥ ገብቼ ቀዳሁ። ሒክማ፣ 'የቆሮሶ ዓሣውን ቤት ትረግጫለሽ፣ ሰኞ ለቲቸር ነው የምናገርብሽ' አለችኝና ወደ ድንጋዩ ሄደች። እኔ... እኔ ስቄባት ነበር።"

ያ ሕግ የእሱ ነው። አመጣጡ ያማረ ነበር እንጂ! ባለፈው ዓመት ልጆቹን ወደ ሐይቁ ዳር አውርዶ ስለ አፈር መታጠብ ሲያስተምር፣ ሒክማ ፊላው ሥር ጎንበስ ብላ ቀረች። ጭቃው ላይ ሳሕን የሚያካክሉ ክብ ጉድጓዶች አይታ ኖሯል፤ በየጉድጓዱ ላይ አንዳንድ ቆሮሶ ዓሣ ይዞራል። "ቲቸር፣ ዓሣ ቤት ይሠራል እንዴ?" ብላ ጠየቀችው። አላወቀም። "እኔም አላውቅም፣ አብረን እንይ፣" አላት። ለሳምንታት አብረው አዩ። ዓሣው ጉድጓዱን በአፉ ሲጠርግ፣ ሌላውን ሲያባርር፣ ከዚያ ጤፍ የመሳሰሉ ግልገሎች ሲርመሰመሱ። አንዳርጋቸው በመምህርነት ዘመኑ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ልጆቹ ያሳዩታል፣ እሱ ሌሊት ስልኩ ላይ ያነባል፣ ጠዋት ይነግራቸዋል።

ታዲያ ያን ሁሉ ቤት የሰው እግር ሲረግጠው አንጀታቸው አልቻለም። ልጆቹ ሕግ ይውጣ አሉ፣ እሱም አወጣ፤ የክበቡ አባል የሆነ ፊላው ውስጥ አይገባም፣ ውኃ ከድንጋዩ ላይ ይቀዳል። ድንጋዩን ያሳያቸው እሱ ነው። ራሱ ወጥቶ ቆሞበት፣ "ይኸው፣ ውኃውም ጥሩ ነው፣" ብሏቸዋል። እሱ ረዥም ሰው ነው፤ ከድንጋዩ ቢወርድ ውኃው ደረቱ ጋ ይቆማል። በልጅ ቁመት አልለካውም። ድንጋዩ በበጋ ውኃው ሲጎድል አረንጓዴ ለብሶ እንደሚያንሸራትትም አልመጣለትም።

ታዲያ ትናንት እድላዊት በር ላይ ቆማ የሆነውን ስትነግረው ምን አላት? "አሁን ለማንም አትናገሪ። ነገ እኔ እነግራቸዋለሁ፣" አላትና በሩን ዘጋ። ነገ ይኸው መጣ። እሱ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል።

"ቲቸር! ቲቸር ያውላችሁ!" ጮኸ አንድ ልጅ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አንዳርጋቸው ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ወደ በሩ መጣ።

"እሰይ፣ መጣህልን፣" አሉ አያ ታሪኩ። "እባክህ መምህር፣ ልጆችህን አንሣልን። ፀሐዩ ሳይከር ልጅቱን እናሳርፋት።"

"እድል፣ ክፈቺው፣" አለ።

"ለቀብርም ቢሆን ብለውናል!"

ብሏቸዋል። ዛፍ ቦታው በታጠረ ቀን ነው። "ቅጠል የሚበጥስ የለም፣ ማንም ይምጣ ማን" ሲላቸው፣ ሒክማ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ ለቀብርስ?" አለችው። ልጆቹ ሳቁ። እሱም ደስታ ላይ ስለነበር፣ "ለቀብርም ቢሆን!" አለ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

"ብያለሁ፣" አለ አሁን። "ተሳስቼ ነው።"

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። መምህር ተሳስቻለሁ ሲል ሰምተው አያውቁም።

"የፊላውስ?" አለች እድላዊት። "የፊላውም ስሕተት ነበር?"

"የምን ፊላ?" አሉ አያ ታሪኩ።

እድላዊት ዓይኗን ከአንዳርጋቸው ላይ አልነቀለችም። ትናንት ማታ ዝም በይ ብሏታልና ዝም አለች፤ ግን ዝምታው ልጅቱን ምን እንዳደረጋት ፊቷ ላይ ይታያል። ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አንድ ሌሊት ብቻዋን ተሸክማው አድራለች።

"እኔ ሕጉን ጥሼ ይኸው ቆሜያለሁ፣" አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። "እሷ ሕጉን ጠብቃ ተከፍናለች። አሁን ደግሞ ይኼንንም ልጣስ? ከዚያ ምን ልበላት ቲቸር?"

አንዳርጋቸው በሁለት ጉልበቱ አፈሩ ላይ ተንበረከከ፣ ፊቱ ከፊቷ ትክክል ሆነ።

"ስሚኝ እድላዊት። ሁላችሁም ስሙኝ። የዓሣ ቤት ቢረገጥ፣ ዓሣው ሌላ ይሠራል። ዛፍ ቢቆረጥ፣ ክረምት ሲመጣ ሌላ ይተከላል። እናንተ ግን... በእናንተ ምትክ የሚተከል የለም። ከሁሉም በፊት ላስተምራችሁ የሚገባኝ ይኼን ነበር። አላስተማርኳችሁም። የታወቀ ነገር መስሎኝ ዘለልኩት።"

"ሒክማ አታውቀውም ነበር፣" አለች እድላዊት።

"አዎ። አታውቀውም ነበር።"

ያን ጊዜ ነው ልጅቱ ያለቀሰችው። ከትናንት ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። በሩን ለቅቃ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከውስጥ የነበሩትም ልጆች ተንጫጩ፤ መጥረቢያ የያዙት ሰዎች እንኳ አንዱ ባንዱ ላይ ተደግፎ አለቀሰ። አያ ታሪኩ ብቻ ነበሩ ሳያለቅሱ አንዳርጋቸውን የሚመለከቱት።

ትንሽ ቆይቶ ሰዎቹ ገቡ። ገብተውም ቆሙ፤ የትኛውን እንደሚመቱ አላወቁም።

"አንተ ምረጥልን መምህር።"

"ልጆቹ ይምረጡ፣" አለ።

ልጆቹ እያለቀሱ መረጡ። ዋንዛው አይሆንም፣ አፈሩን የያዘው እሱ ነው። ወይራው ላይ ወፍ ተኝታበታለች፣ አይነካም። አንዱ ልጅ ግራሩን ሲል ሌላው፣ "እሱማ ገና ልጅ ነው፣" አለው። በመጨረሻ እድላዊት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሁለት ተጠጋግተው የበቀሉ ጥዶች አሳየቻቸው። "እነዚህ ይሻማሉ፣" አለች። "ሒክማ ራሷ አንዱ ይነሣ ስትል ነበር።" አያ ታሪኩ ራሳቸውን እየነቀነቁ መጥረቢያቸውን አነሡ። ጥዱ ሲወድቅ ሽታው ቦረቦሩን ሞላው፤ ልጆቹ ሳይታዘዙ ጎንበስ ብለው ለመነስነሻ የሚሆነውን ቅጠል ለቀሙ።

እንጨቱ ተቆራርጦ በየትከሻው ሆነ። አንዳርጋቸውም አንዱን ተሸከመ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ አያ ታሪኩ ሆን ብለው ወደ ኋላ ቀርተው ከጎኑ ሆኑ።

"የፊላው ነገር ምንድን ነው?"

ነገራቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የእድላዊትን በር ማንኳኳትም፣ የራሱን በር መዝጋትም።

"ስማኝ ልጄ፣" አሉ አያ ታሪኩ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ዛሬ ግን ቀኑ አይደለም። እንድሪስ ደሙ ፈልቷል። ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ይኼን ብታወራ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። ሰዉ ልጆቹን ከእጅህ ይነጥቅሃል። ዛፉንም ዛሬውኑ ያነዱታል። ተወው፣ ቀብሩ ይለፍ፣ ሐዘኑ ይብረድ። ከዚያ እኔ ሽማግሌ ይዤ፣ ሼሁንም ቄሱንም አስከትዬ እገባለሁ። እንደ ባህላችን ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ይቅር ለአላህ እናስብላለን።"

ነገራቸው ሁሉ ልክ ነው። በዚህ አገር ስንት ደም በእንደዚህ ያለ ሽምግልና ደርቋል። አንዳርጋቸው እፎይ ሊል ምንም አልቀረውም። ሽማግሌ ይግባ። ጊዜ ይለፍ። እሱም ቢሆን እኮ ልጆቹን ይወዳቸዋል፤ እነሱን ካጣ በዚህ ሰፈር ምን ቀረው?

"ራዚያስ?" አለ።

"ራዚያማ... ምን ይደረግ። እናት ናት። አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጣት።"

"አልሰናበታትም አለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንዳለች ናት?"

"እንዳለች ናት። ሴቶቹ ለምነው ለምነው ተዉአት።"

መንገዱ ከሚከፈልበት ደረሱ። በስተቀኝ ወደ መቃብሩ ይወጣል፣ በስተግራ ወደ እንድሪስ ቤት ይወርዳል። ከታች፣ ከግቢው፣ ወንዶቹ ቃሬዛውን ሲያዘጋጁ ይታያል። በሙስሊሙ ወግ ሴት መቃብር አትሄድም። ቃሬዛው ከዚያ ግቢ አንዴ ከወጣ፣ ራዚያ ልጇን ዳግመኛ አታይም። ሽማግሌ የፈለገውን ያህል ቢሰበሰብ፣ በሳምንት ቢሆን በአርባ ቀን፣ ያቺን አንዲት ደቂቃ መልሶ አያመጣትም።

አንዳርጋቸው እንጨቱን ከትከሻው አውርዶ ከኋላው ለመጣው ሰው አሸከመው።

"መምህር!" አሉ አያ ታሪኩ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አያ። ይኼ ነገር አያድርም።"

ወደ ግራ ወረደ። የሩጫ ኮቴ ሰምቶ ቢዞር እድላዊት ናት፣ ቅጠሉን እንደታቀፈች።

"እኔም ልምጣ? እኔ ነኝ እኮ አብሬያት የነበርኩ።"

"አንቺ ምንም አላደረግሽም፣" አላት። "ሂጂ፣ ቅጠሉን ለአያ ታሪኩ አድርሺ። ዝም በይ ማለቴንም ተይው፣ ከዛሬ ጀምሮ ለፈለግሽው ሰው ተናገሪ። ይኼኛው ግን የእኔ ነው።"

ግቢው ውስጥ ከሸራው ሥር የተቀመጡት ወንዶች ሲያዩት ቦታ ለቀቁለት። እንድሪስ ራሱ ተነሥቶ መጣና እጁን ትከሻው ላይ ጣለ። ዓይኑ ደም ለብሷል።

"ና ግባ መምህር። ላንተም እኮ ልጅህ ናት። ውላ ስትገባ ካንተ ስም በቀር የምታወራው የላትም ነበር።"

አንዳርጋቸው ከሸራው ሥር አልገባም።

"አልቀመጥም አያ እንድሪስ። በቅድሚያ ለሒክማ እናት የምነግራት አለኝ። ለእርስዎም። ጀናዛው ሳይወጣ።"

ከቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት ወደ ውስጥ ገብታ ተንሾካሾከች። ራዚያ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ወጣች፤ በአንድ ሌሊት አርጅታለች። ቀና ብላ አላየችውም።

"የሒክማ እናት፣" አለ፣ "ጥሩ ውኃ ፍለጋ አይደለም የሄደችው። አንቺ ስለተቆጣሻት አይደለም። የዓሣ ቤት እንዳትረግጥ ብላ ነው። ፊላው ውስጥ አይገባም ያልኳት እኔ ነኝ። ድንጋዩንም ያሳየኋት እኔ ነኝ።"

የእንድሪስ እጅ ከትከሻው ላይ ወረደ። ከሸራው ሥር አንድ ሰው፣ "ምን አለ? ምንድን ነው ያለው?" ሲል ሌላው ዝም አሰኘው።

ራዚያ ያን ጊዜ ቀና አለች። አተኩራ አየችው። የምትረግመው መስሎት ቆሞ ጠበቀ። እሷ ግን ሁለቱን ሴቶች ቀስ ብላ ከክንዷ ላይ አላቀቀች። ሻርፗን አስተካከለች፣ በመዳፏ ፊቷን ጠረገች፣ ልጇ ወደተኛችበት ክፍል ብቻዋን ገባች።

አንዳርጋቸው ግቢው መሐል እንደቆመ ቀረ። ተቀመጥ ያለው የለም፣ ሂድ ያለውም የለም።